ከምስጋናው መሐል ያስወጣኝ ደም

ሰው ሁሉ «ተረፍሽ» ይለኝ በነበረበት ጊዜ እኔ ባሌን ላሰናብተው እየተዘጋጀሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታናሽ እህቴ የሩት አንድ ኩላሊት ሆዴ ውስጥ ገብቶ በደንብ መሥራት ከጀመረ ወራት አልፈው ነበር። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «አበባ መስለሽ የለ እንዴ!» ይለኛል። እኔ ግን መስታወት ፊት ስቆም አበባ አይታየኝም። የሚታየኝ መድኃኒቱ ያሳበጠው ክብ ፊት፣ ጉንጬ ላይ የበቀለው ስስ ጸጉር፣ ከቀኝ ጎኔ በታች እንደ ማጭድ የጎበጠው ጠባሳ ነው።

ስሜ ምህረት ይባላል። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሙያዬን ያዙልኝ፤ ቆይታችሁ ትስቁብኛላችሁ። ባለቤቴ ገመቹ የአዳሚ ቱሉ ልጅ ነው፤ መቂ ላይ የመስኖ ውሃ ፓምፕ ይሸጣል፣ ይጠግናል። ከሞተር ጩኸት ጋር ሲፎካከር የኖረ ሰው ስለሆነ ድምፁ ትልቅ ነው። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ጎረቤት ይሰማዋል። በተጋባን ሰሞን ከመቂ ሲመለስ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ በር ላይ ጥምጥም ይልብኝ ነበር። «መጀመሪያ ታጠብ!» እያልኩ እገፋዋለሁ። እሱም አይለቀኝም፤ እኔም እንዲለቀኝ አልፈልግም።

ከዚያ ኩላሊቴ ታመመ። ዲያሊሲስ የጀመረ ሰው ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከማሽኑ ስነሳ ሰውነቴ የእኔ አይመስለኝም። የወር አበባዬ መጀመሪያ ተዛባ፣ ቆይቶ ጭራሽ ቀረ። ለባሌ የነበረኝ ስሜትም አብሮት ሄደ። ገና ልጅ አልወለድንም ነበር። ያን ጊዜ ስለ ልጅም ስለ ፍቅርም የሚያስብ አልነበረም፤ ሁላችንም የምናስበው ስለ መኖር ብቻ ነው።

ንቅለ ተከላው ተደርጎልኝ ወደ ቤት ስንመለስ ገመቹ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። «ስገላበጥ በክርኔ ብመታብሽስ?» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ቁስሉ ገና ነው። በኋላ ግን ቁስሉ ዳነ፤ ትምህርት ቤትም ተመለስኩ፤ ገመቹ ግን ከሶፋው አልተመለሰም። ማታ ማታ «ደህና እደሪ እሺ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብሎ ግንባሬን ይስመኛል፤ ልክ እንደ አጎት። እኔም «አዎ» እላለሁ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ይወጣል። ያ በር በተዘጋ ቁጥር «አስጠልቼዋለሁ» እላለሁ።

«ሐኪም አልጠየቅሽም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ክትትል ስሄድ ስለ ጨው ጠይቄያለሁ፤ ስለ ማንጎ ጠይቄያለሁ፤ ድመት ማሳደግ ይቻል እንደሆነም ጠይቄያለሁ። ይህንን ግን እንዴት ብዬ? የሚከታተሉኝ ሐኪም አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ የሚገቡትም ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ነው። በዚያ ሁሉ ነጭ ጋዋን መሐል «ባሌ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው» ልበል?

ስለዚህ ብቻዬን አሰብኩ፣ ብቻዬን ወሰንኩ። ገመቹ ጤነኛ ሰው ነው፣ ልጅ ይወዳል፣ ገና ወጣት ነው። በዝምታ አስሬ አላስቀምጠውም። አማቴ አዳሚ ቱሉ ላይ ስለ ጤንነቴ የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጅተው ነበርና፣ እሱ እንዳለቀ ባቱ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር እንድንቀመጥ እጠይቀዋለሁ፤ እዚያ ሁሉን ነግሬው ነጻ አወጣዋለሁ። የምለውን ቃል ሳይቀር ሸምድጄው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በፒካፑ ወጣን። ስነሳ ጀምሮ ከእምብርቴ በታች ይወጋኛል፤ ወገቤም ከብዶኛል። ለገመቹ አልነገርኩትም። የአማቴን ድግስ ማበላሸት አልፈለግኩም። ሞጆን አልፈን ስንታጠፍ አፌን ከፈትኩ።

«ገመቹ፣ ዛሬ አንድ ነገር ላወራህ እፈልጋለሁ።»

መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «እኔም ላወራሽ የምፈልገው ነገር አለ።»

በቃ፣ እሱም ወስኗል ማለት ነው። «እሺ፣ አንተ ቅደም» አልኩት።

«አይ፣ አንቺ።»

«ከምስጋናው በኋላ ይሁን።»

«ይሁን» አለ፤ እስከ መቂ ድረስም ሬዲዮኑ ብቻ አወራ።

መቂ ላይ ለእናቱ ሐብሐብ ሊገዛ ወረደ። ሽንኩርት የሚጭኑ መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል። ደላሎቹ ገና ሲያዩት «ገሜ! አካም ጅርታ?» እያሉ በሰላምታ ከበቡት። እሱም ከዚህ እስከዚያ እየተጣራ፣ እየሳቀ፣ ሐብሐቡን በጣቱ እያንኳኳ ያማርጣል። በመስኮት አየሁት። ይህ ሰው የትም ቢሄድ ቤት ሙሉ ያደርጋል አልኩ በልቤ። ሆዴ እንደገና ወጋኝ፤ እጄን ኩላሊቴ ላይ አደረግኩ።

አዳሚ ቱሉ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሎ መዘምራኑ ጀምረዋል። አማቴ አዴ ሎሚ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከበር እየሮጡ ወጡ። ሊስሙኝ ፈለጉና በሽታ እንዳይዘኝ ያደረግኩትን ማስክ ሲያዩ እጃቸውን ብቻ ከሩቅ ዘረጉ።

«አልነካሽም፣ አልነካሽም ልጄ! ሰው በዝቷል፤ አንቺን ለብቻሽ ነው የማስቀምጥሽ» አሉኝ። ከድንኳኑ ውጪ፣ ግራሩ ጥላ ስር፣ ነፋስ እንዳገኝ ወንበር አዘጋጅተውልኛል። ሳህኔና ብርጭቆዬ ለብቻ በንጹሕ ፎጣ ተሸፍነዋል። ከዚያ ሁሉ ሥራ መሐል ይህንን ማሰባቸው ሊያስለቅሰኝ ምንም አልቀረውም። ልጃቸውን ጥዬ ልሄድ የመጣሁ መሆኔን አያውቁም።

ዝማሬው አለቀ። ፓስተሩ ቆመው ስለ እኔ መናገር ጀመሩ። «እህታችን ምህረት አሁን ራሷ መጥታ ትመሰክርልናለች» ሲሉ ከወንበሬ ተነሳሁ። በተነሳሁበት ቅጽበት አንድ የሞቀ ነገር ጭኔን ይዞ ሲወርድ ተሰማኝ።

ወደ ድንኳኑ መሄዴን ትቼ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ዞርኩ። ልብሴን ሳየው ደም ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ የተነገረኝ ሁሉ አንድ ላይ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ትኩሳት፣ ኩላሊቱ አካባቢ ሕመም፣ ሽንት ውስጥ ደም፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ። ሕመሙ ከጠዋት ጀምሮ አለ፤ ደሙም ይኸው። ግድግዳውን ተደግፌ «ሩትዬ፣ ኩላሊትሽን ገደልኩት» አልኩ። እህቴ አካሏን ቆርጣ የሰጠችኝ ነገር፣ በሰው ሁሉ ምስጋና መሐል፣ ከእኔ እየወጣ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ወደምታከምበት ክሊኒክ ስልክ ደወልኩ፤ ቅዳሜ ነው፣ አይነሳም።

ገመቹን በስልክ ጠራሁት። ከድንኳኑ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆንሽ?»

«ደም።»

«ከየት?»

«ከታች። ገመቹ፣ ኩላሊቱ ነው መሰለኝ።»

ያ ትልቅ ድምፅ ጠፋ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጃኬቱን አውልቆ ወገቤ ላይ አሰረልኝና እጄን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደኝ። አዴ ሎሚ መንገድ ላይ ቀደሙን።

«ምን ሆነች? ገመቹ፣ ልጄን ምን አገኛት?»

«ምንም አይደል አዮ፣ ባቱ ደርሰን እንመለሳለን» አላቸው። አዮ የሚላቸው እናቱን ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ። ግን እንባው ቀድሞት ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ፓስተሩ እጃቸውን አንስተዋል፤ ሕዝቡ ሁሉ በጉልበቱ እየወደቀ ነው።

ከአዳሚ ቱሉ ባቱ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለ። ከፊታችን ጋሪ፣ ከጋሪው ፊት ከብት፣ ገመቹ ጥሩንባውን ይዞ አይለቅም። እኔ የሸመደድኩት ንግግር በዚያ መሐል አፌን ጥሶ ወጣ።

«ገመቹ፣ ስማኝ። ይሄ ኩላሊት ከሄደ አንተ ሂድ። አልቀየምህም። ሌላ አግባ፣ ውለድ። እስካሁን ሚስት አልሆንኩህም፤ ከዚህ በኋላም አልሆንህም። ሂድ።»

«ወዴት ነው የምሄደው?» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ተመለሰ። «መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ እኮ!»

ቀልድ አልነበረም። ከድንጋጤው የተነሳ በእርግጥም አሁኑኑ ከመኪናው ውረድ ያልኩት መስሎት ነው። ከዚያ ሲገባው መኪናውን ሳያቆም፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ማልቀስ ጀመረ።

«ይሄን ነው እንዴ ልትነግሪኝ የነበረው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ምን ልልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ? ከሶፋው ልመለስ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። እሱን ለመጠየቅ ነው ከሞጆ ጀምሮ የሚያልበኝ።»

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት የሆስፒታሉ በር ላይ ደርሰናል።

የተቀበለችን ሐኪም ዶክተር ሰሚራ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ሻሿን ጠቅልላ ከነጭ ጋዋኗ አንገት ስር አስገብታዋለች። ንቅለ ተከላ የተደረገልኝ መሆኔን ስትሰማ ተራ ሳታስጠብቅ አስገባችኝ። ትኩሳቴን ለካች፣ ግፊቴን ለካች፣ ሆዴን በእጇ ዳበሰች። ደሜ ተወሰደ፤ ሽንቴን ከደሙ ጋር ሳይነካካ እንዴት እንደምሰጥ አሳየችኝ። አልትራሳውንዱን ኩላሊቴ ላይ ስታስኬድ ፊቷን እያየሁ ለማንበብ ሞከርኩ። ምንም አይነበብም።

ውጤት ስንጠብቅ ገመቹንም አስጠራችውና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንድ ልጠይቅሽ፤» አለችኝ፣ «የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?»

«እኔ እኮ የወር አበባ የለኝም።»

«እንዴት የለሽም?»

«ዲያሊሲስ ከጀመርኩ በኋላ ቀረ።»

«እሺ። እርግዝና ሊኖር ይችላል?»

«የለም!» አለ ገመቹ፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው።

ዶክተሯ ወደ እሱ ዞረች። «እንዴት ይህን ያህል እርግጠኛ ሆንክ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ጣሪያውን አየ። «እኛ... ተከባብረን ነው የምንኖረው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መከባበሩ ጥሩ ነው። እኔ የጠየቅኩት ግን ሌላ ነው።»

«ዶክተር፣ ያው አዲስ ኩላሊት ነው። አዲስ ሞተር ሲገባ መጀመሪያ ብዙ አይጫንም፣ ሮዳጅ ይባላል። እኔም ሮዳጅ ላይ ናት ብዬ ነው።»

ዶክተር ሰሚራ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን መያዟን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። «ዶክተር፣ ኩላሊቴስ?» አልኳት።

በሩ ተንኳኩቶ ውጤቱ ገባ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

«ኩላሊትሽ ከእኔ ኩላሊት በላይ ነው የሚሠራው። የኩላሊት መለኪያው፣ ክሬቲኒንሽ፣ ምንም አልተነቃነቀም። ሽንትሽ ንጹሕ ነው፣ አልትራሳውንዱም ንጹሕ ነው። እርግዝናም የለም።»

«ታዲያ ደሙ?»

«ደሙ የወር አበባ ነው።»

አየኋት። ገመቹ አየኝ። እኔ ደግሞ እንደገና እሷን አየኋት።

«የማን?» አልኩ።

አዎ፣ «የማን» ነው ያልኩት። በዚያች ክፍል ውስጥ የወር አበባ የጠፋባት ሌላ ሴት ያለች ይመስል። አሁን ዶክተሯ ሳቋን ለቀቀችው።

«ያንቺ ነዋ! ሥራሽ ምንድነው ብለሽኝ ነበር?»

«ባዮሎጂ አስተምራለሁ» አልኩ በቀጭን ድምፅ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የማሕፀን ሥዕል የምሥል፣ የሆርሞኖችን ስም በቃላቸው ካልያዙ ተማሪዎቼን የምቆጣ ሴት ነኝ። የራሴ ሲመጣ ግን የሞት መልእክተኛ መስሎኝ አዳሚ ቱሉን አስለቀስኩ።

ከዚያ ሳቅ መጣ። ሳቄ ከለቅሶ ጋር ተደባለቀ፤ ገመቹም ምን እንደሚያስቅ በውል ሳይገባው አብሮኝ ሳቀ፣ አብሮኝ አለቀሰ። ዶክተር ሰሚራ በባልደረባዋ በኩል አፈላልጋ የአዲስ አበባውን ሐኪሜን በስልክ አገኘቻቸው። የምርመራውን ውጤት ሁሉ ነገረቻቸው፤ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ ልጄ» አሉኝ እኚያ የምፈራቸው ሰው። «ሰውነትሽ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ስትመጪ ስለዚህ ጉዳይ ብቻችንን እናወራለን፤ ተማሪዎቼን አስወጥቼ።»

ዶክተር ሰሚራ ወንበሯን አስጠጋች። የነገረችኝን አሳጥሬ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከእናንተ መሐል የሚፈልገው ይኖራል። ኩላሊት ሲታመም ሆርሞኖች ይዛባሉ፤ ስሜት ይጠፋል፣ የወር አበባ ይቀራል። ታማሚው ወንድ ሲሆንም እንዲሁ ይደክማል። አዲሱ ኩላሊት ደሙን ሲያጸዳ ብዙ ጊዜ ነገሩ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ የአንዱ ቶሎ፣ የሌላው ዘግይቶ።

«አሁን ግን ይህንን በደንብ ስሙኝ፤» አለችን ሁለታችንንም። «የወር አበባ መጣ ማለት እርግዝናም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ከምትወስጃቸው መድኃኒቶች አንዱ ጽንስ ይጎዳል። ስለዚህ አሁን አይደለም። መከላከያ ዛሬውኑ እንመርጣለን። ልጅ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ለሐኪማችሁ ትነግሩታላችሁ፤ እሱ መድኃኒቱን ቀይሮ፣ ኩላሊቱን አይቶ ጊዜውን ይነግራችኋል። በራስሽ አንዲት ክኒን እንዳታቋርጪ።»

«እሺ» አልን አንድ ላይ።

«ሌላ ጥያቄ አለ?»

ገመቹ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። ያ ከመቂ እስከ ባቱ የሚሰማው ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

«ዶክተር፣ ኩላሊቱ... ከቦታው አይንቀሳቀስም?»

«በምን ምክንያት?»

«ያው... ሰው ደስ ሲለው።»

«አይንቀሳቀስም» አለች በቁም ነገር። «ከጡንቻው በታች በደንብ ተቀምጧል፤ ቁስሏም ድኗል። በዚያ በኩል አትጫናት፣ ካመማት አቁም። ደረቅ ከሆነባት ፋርማሲ የሚሸጥ ማለስለሻ አለ፣ ከዘይት ሳይሆን ከውሃ የተሠራውን ውሰዱ። አንቺ ከዚያ በኋላ ሽንትሽን ሽኚ፤ ሲያቃጥልሽ ወይ ሲያተኩስሽ ሳትቆዪ ነይ። ከሁሉም በላይ አትቸኩሉ።» ከዚያ ወደ ገመቹ ዘንበል ብላ «ሮዳጁ አልቋል» አለችው።

ንጽሕና መጠበቂያ ስለሚያስፈልገኝ «ሞዴስ ግዛልኝ» ብዬ ገመቹን ላክሁት። ቆየ። ሲመለስ ሁለት እጁ ሙሉ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የነበረውን ዓይነት ሁሉ፣ የቀኑን የሌሊቱን፣ ክንፍ ያለውን የሌለውን፣ ደረቱ ላይ ክምር አድርጎ በሆስፒታሉ ግቢ መሐል እየሳቀ ይመጣል። ሰው ሁሉ ያየዋል። ግድ አልሰጠውም። በሠርጋችን ቀን አበባ ይዞልኝ ሲመጣ እንኳን ፊቱ እንደዚያ አልበራም።

አዳሚ ቱሉ ስንመለስ ግቢው ጸጥ ብሏል። ምግቡ አልተነካም። ሰዉ ሁሉ አሁንም ይጸልያል። አዴ ሎሚ ከመኪናው በራሴ እግር ስወርድ አይተው ተነሱ፤ ግን መጠየቅ ፈርተው ቆሙ። ማስኬን አስተካክዬ ጆሯቸው ስር ደረስኩና በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«እማዬ፣ ኩላሊቴ ደህና ነው። የወር አበባዬ ነው የመጣው።»

መጀመሪያ ዓይናቸው ብቻ ነው የሰፋው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ዋቃዮ ገለቶሚ!» ብለው አምላካቸውን አመሰገኑና እልልታቸውን አቀለጡት። ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሴቶች ምክንያቱን ሳያውቁ ተቀበሏቸው። መዘምራኑ ተነሱ። ፓስተሩ ማይክሮፎኑን ይዘው «ምንድነው? እህታችን ምን ሆነች?» ቢሉም የሚመልስላቸው የለም። በመጨረሻ ገመቹን ያዙት።

«ደህና ናት?»

«ከደህናም በላይ ናት!» አለ ገመቹ።

«ምርመራው ምን አለ?»

ባሌ ዙሪያውን አየ፤ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «ፓስተር፣ ዝርዝሩ የቤተሰብ ነው። እርስዎ ዝም ብለው ሃሌ ሉያ ይበሉ!» አላቸው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ፓስተሩም ሃሌ ሉያ አሉ።

እኔም ቆሜ መሰከርኩ፤ ዝርዝሩን ሳልናገር። አዴ ሎሚ ምግብ ሲያቀርቡልኝ አጎንብሰው «ታዲያ የልጅ ልጅ?» አሉኝ።

«ገና ነው እማዬ። ሐኪም ሲፈቅድ።»

«እኔ ምን አስቸኮለኝ? ያን ሁሉ ዓመት አንቺን ብቻ ነው የለመንኩት። ብዪ አሁን።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባቱ፣ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን፣ ልሰናበተው ባሰብኩበት ቦታ። አሳ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር እየጎተቱ ነበር፤ ትልልቆቹ ወፎች ደግሞ ትርፍራፊ ለመልቀም ይጋፋሉ። የማስበውን ሁሉ ነገርኩት። ክቡን ፊቴን፣ ጸጉሩን፣ ጠባሳውን፣ በሩ ሲዘጋ የሚሰማኝን።

«አስጠላሁህ ብዬ ነው» አልኩት።

«እኔ ደግሞ እጄን ስዘረጋ በክብደቴ የምገድልሽ እየመሰለኝ ነው» አለኝ። «ሩት ሆዷን ተቀድዳ የሰጠችሽን እኔ በአንድ ምሽት ብሰብረውስ እያልኩ ነው ሶፋው ላይ የማድረው። ደግሞ ወገቤ አልቋል ምህረት። ያ ሶፋ እኮ አጭር ነው።»

ሳቅን። እጁን ይዤ ወስጄ ከልብሴ በላይ ጠባሳዬ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ጣቶቹ ደነገጡ። ቆይተው አረፉ። «ይሞቃል» አለ ቀስ ብሎ፤ እኔም ከዚያ ቀን በፊት ለምርመራ ሳይሆን በፍቅር ብቻ እዚያ ቦታ ላይ የነካኝ ሰው እንደሌለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተረት ሁሉም ባንዴ ተስተካከለ ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ያደክመኛል። ስሜቴ እንደ ድሮው ሮጦ አልመጣም፤ አንዳንዴ ጀምረን አቁመን ስናወራ እንቅልፍ ወስዶናል። የፋርማሲውን ማለስለሻ መጀመሪያ የገዛን ቀን ሁለታችንም አፍረን ከሰፈራችን ራቅ ወዳለ ፋርማሲ ነው የሄድነው፤ እዚያ ደግሞ ባለ ፋርማሲው የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። «ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጡ!» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሐኪሜም ቃላቸውን ጠብቀው ተማሪዎቻቸውን አስወጥተው አወሩኝ። መከላከያዬን አብረን መረጥን። ክትትሌ በደህና ቀጥሏል፤ ስለ ልጅም ጊዜው ሲደርስ እንነጋገራለን ብለውኛል።

የተለወጠው ትልቁ ነገር ግን አፋችን ነው። ድሮ ሁለታችንም ሌላው እንዳይጎዳ ብለን ዝም እንል ነበር፤ ዝምታው ደግሞ ከበሽታው ባልተናነሰ አራርቆን ነበር። አሁን ሲያመኝ አመመኝ፣ ሲያምረኝ አማረኝ እላለሁ። እናንተም ከንቅለ ተከላ በኋላ ሰውነታችሁ ግራ ከገባችሁ፣ ሴት ብትሆኑ ወንድ ብትሆኑ፣ ጠይቁ። ጨውን እንደምትጠይቁ አድርጋችሁ ጠይቁ። ሐኪሞቹ ሰምተውት የማያውቁት ነገር አይደለም። ስታፍሩ ደግሞ «የማን?» ያለችውን የባዮሎጂ አስተማሪ አስቡ፤ ከዚያ በላይ የሚያሳፍር ነገር አታገኙም።

ይህንን ስጽፍ ገመቹ ከመቂ ገብቷል። ከጓዳ ሆኖ «ምንድነው የምትጽፊው?» ይለኛል፤ ጎረቤት እየሰማ።

«ስለ እኔና አንተ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ በሩ ላይ መጥቶ ተደገፈና እጁን በፎጣ እየጠረገ አሰበ።

«እንግዲህ ሁሉንም ካወራሽው አይቀር፣» አለኝ፣ «መልከ መልካም ነው ብለሽ ጨምሪበት።»

መልከ መልካም ነው።